ሁለቱም ያሸነፉበት ጦርነት

ጁን 1994 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትንሽ ኩባንያ ሁለት ፕሮግራመሮች በየኮምፒውተራቸው ተቀምጠው ጦርነት ገጠሙ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ፓትሪክ ዋያት ይባላል፣ ሌላው ቦብ ፊች። ጌሙ ገና ተሠርቶ አላለቀም፤ ሁለት ሰው በሁለት ኮምፒውተር ሲጫወተው ያ የመጀመሪያው ነበር። ዋያት ወርቅ አስቆፈረ፣ እንጨት አስቆረጠ፣ ወታደር አሰለፈ፣ ዘመተ፣ የፊችን ከተማ ደመሰሰ። አሸነፈ። ጨዋታው አልቆ ወሬ ሲለዋወጡ ግን ነገሩ አልገጥም አለ። ፊችም አሸንፏል። እሱ ባየው ጦርነት የተደመሰሰው የዋያት ከተማ ነው።

ማንም አልዋሸም። ሁለቱም የተናገሩት ስክሪናቸው ላይ ያዩትን ነው።

ታሪኩን ዋያት ራሱ ከዓመታት በኋላ ጽፎታል። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ፣ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ፣ ትንሽ አላበኝ። እንዲህ ያለ ስህተት ገጥሞት የሚያውቅ ሰው ስሜቱን አይረሳውም፦ ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፣ ምንም የስህተት መልእክት አልወጣም፣ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ እየሄደ ነው፤ ግን እውነቱ ሁለት ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ዘመን ሁለት ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መስመር ቀጭን ነበር። ጦርነቱ ላይ ደሞ ብዙ ወታደር አለ፤ የእያንዳንዱን ቦታ፣ ጤናና አቅጣጫ በየቅጽበቱ ልላክ ብትሉ መስመሩ አይችለውም። ስለዚህ የሚላከው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «ይሄ ወታደር ወደዚያ ይሂድ»፣ «እዚህ ጋ ቤት ይሠራ»። ዓለሙን ራሱን ማንም ለማንም አይልክም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሙሉውን ዓለም ይዞ ተቀምጧል፤ ትእዛዝ ሲደርሰው ውጤቱን በራሱ ያሰላል። መነሻው አንድ ከሆነ፣ ሕጉ አንድ ከሆነ፣ ትእዛዙም በአንድ ቅደም ተከተል ከደረሰ ሁለቱ ዓለሞች አንድ ይሆናሉ። ዘዴው ሎክስቴፕ ይባላል፤ እንደ ሰልፈኛ ወታደር እኩል እግር ማንሳት እንደማለት ነው።

አንዲት ነገር ካልገጠመች ግን አለቀ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የመታው ቀስት ሌላው ላይ ከሳተ፣ እዚህ የሞተው ወታደር እዚያ በሕይወት አለ። በሕይወት ያለው ሄዶ ሌላውን ይገድላል፤ የተገደለው ሊሠራው የነበረው ቤት ሳይሠራ ይቀራል። ትእዛዞቹ ግን እንደተለመደው እየተላኩ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ይቀበላሉ፣ ይፈጽማሉ። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ ሁለት የማይተዋወቁ ጦርነቶች ይሆናሉ። ይሄን ዲሲንክ ይሉታል።

ጌሙ «ዋርክራፍት» ነው። ሰሞኑን ወደ ሦስተኛው ክፍል ተመልሼ ስጫወት ነበር። ይህን ሁሉ የማወራው እዚያ የገጠመኝም ዲሲንክ ስለሆነ ነው።

*

የዋርክራፍት ታሪክ የሚጀምረው በሌላ ሰው ጌም ነው። በ1992 ዌስትዉድ ስቱዲዮስ የሚባል ኩባንያ «ዱን 2»ን አወጣ። ሀብት ሰብስብ፣ ሕንፃ ሥራ፣ ሠራዊት አቋቁም፣ ጠላትህን አጥፋ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ተራ ሳትጠብቅ። ቼዝ ላይ ተጋጣሚህ እስክታስብ ይጠብቅሃል። እዚህ ማንም አይጠብቅህም፤ አንተ ስታስብ ጠላትህ እየገነባ ነው። ሪል-ታይም ስትራቴጂ የምንለው የጌም ዓይነት መልኩን የያዘው በዚያ ጌም ነው።

ማይክ ሞርሃይም፣ አለን አድሃምና ፍራንክ ፒርስ የተባሉ ከዩሲኤልኤ የተመረቁ ወጣቶች በ1991 ያቋቋሙት ኩባንያ ሠራተኞች ዱን 2ን በምሳ ሰዓት ይጫወቱት ነበር። ኩባንያው ያኔ ሲልከን ኤንድ ሲናፕስ ነው የሚባለው፤ ብሊዛርድ የተባለው በኋላ ነው። ጌሙን ወደዱት፤ አንድ ጉድለት ግን ነበረው፦ የምትጫወተው ብቻህን ነው። ጓደኛህን ማሸነፍ አትችልም።

ዋያት በሴፕቴምበር 1993 ሥራውን ብቻውን ጀመረ። ሠዓሊ ገና ስላልተመደበለት ለመነሻ ያህል የዱን 2ን ምስሎች ከስክሪን ላይ ቀድቶ ተጠቀመ፤ በኋላ በራሳቸው ሥዕል ተተኩ። (ኮፒ ሲዲ ተጫውተን ያደግን ሁሉ እዚህ ጋ ትንሽ ፈገግ ብንል አይፈረድብንም።) ብዙ ወታደሮችን በማውስ ከቦ በአንዴ ማዘዝ እንዲቻልም አደረገ። መጀመሪያ ላይ ገደብ አልነበረውም፤ የፈለግኸውን ያህል ከበህ መላክ ነው። ከክርክር በኋላ ግን በአንዴ የሚመረጠው አራት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ተጫዋቹ ሠራዊቱን ሁሉ በጅምላ ከመንዳት ይልቅ እንዲያስብ። በሁለተኛው ክፍል ዘጠኝ ሆነ፣ በሦስተኛው አሥራ ሁለት።

የመጀመሪያው ዋርክራፍት ኖቬምበር 1994 ላይ ወጣ። ኩባንያውን በዚያው ዓመት የገዛው ዴቪድሰን የሚባል ድርጅት ነው፤ በሰፊው የሚታወቀው ለልጆች የሒሳብ ማስተማሪያ ሶፍትዌር በመሥራት ነበር። የጌሙ ታሪክ ቀላል ነው፦ ኦርክ የሚባሉ አረንጓዴ ተዋጊዎች ከሌላ ዓለም በር ከፍተው ይመጣሉ፣ የሰዎች መንግሥት ይከላከላል። ዲሴምበር 1995 ላይ ሁለተኛው ተከተለ፤ ባሕርና መርከብ መጣ፣ ነዳጅ ከወርቅና ከእንጨት ጋር ተጨመረ፣ ስምንት ሰው አብሮ መጫወት ቻለ። ጁላይ 2002 ላይ ሦስተኛው ሲወጣ ኦርኮቹ ራሳቸው ተለውጠው ነበር። ተሸንፈው በእስረኛ ካምፕ ታጉረው የኖሩ፣ ትራል በሚባል በሰዎች እጅ ባደገ መሪያቸው ነፃ የወጡ፣ አገር ፍለጋ ባሕር የሚሻገሩ ሕዝብ ሆነዋል። በ1994 ጭራቅ የነበረው በስምንት ዓመት ውስጥ ስደተኛ ሆነ። መልኩ ያው አረንጓዴ ነው፤ መጥረቢያውም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ግን በልጅነቴ አላውቅም ነበር።

*

ዋርክራፍት 3ን ያገኘሁት ከወጣ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሰፈር ያስገለበጠው ኮፒ ሲዲ ነበር፤ ስሙ በማርከር ተጽፎበታል፣ የመክፈቻ ቁጥሩ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ። ቦታ እንዳይዙ ተብሎ በየምዕራፉ መጨረሻ የሚታዩት ፊልሞች ከኮፒው ላይ ተቆርጠው ወጥተዋል። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለትምህርት ቤት ፈተና ይበቃል እንጂ ልዑልና ቄስ ሲከራከሩ ለመከታተል አይበቃም። ገጸ ባሕርያቱ ማውራት ሲጀምሩ የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ «እለፈው፣ እለፈው» ይላል። ኢስኬፕን መጫን ነው። ንግግሩ ይታለፋል፣ ጦርነቱ ይመጣል።

በኔ ግንዛቤ ታሪኩ እንዲህ ነበር፦ አርታስ የሚባለው መዶሻ የያዘ ወርቃማ ፀጉር ልዑል አክተሩ ነው። አክተሩ ጥሩ ሰው ነው። የሚገድላቸው መጥፎዎች ናቸው። በቃ።

ስትራትሆልም የምትባል ከተማ ላይ የሚካሄድ ተልዕኮ አለ። እዚያ የገባኝ ሕጉ ብቻ ነው፦ ቤት ትሰብራለህ፣ ከቤቱ ዞምቢ ይወጣል፣ ትገድለዋለህ፤ ያኛው ክንፍ ያለው ጋኔን መቶ ሳይሞላ አንተ መቶ መሙላት አለብህ። ሁለቴ ተሸነፍኩ። በሦስተኛው መብራት ሳይሄድብኝ መቶ ሞላሁ። ከወንበሬ ተነስቼ የጨፈርኩት ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ጥቂት ተልዕኮ አልፎ የሰዎቹ ምዕራፍ ሲያልቅ፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ተከፈተ። አርታስ አለ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ፈረሱ አፅም ነው፣ የሚያዘው የሙታን ሠራዊት ነው። አክተሩ እንዴት ወደዚያ ሄደ? እኔና የአክስቴ ልጅ ተማክረን አንድ ድምዳሜ ላይ ደረስን፦ ኮፒው ተበላሽቷል።

ሰሞኑን ስመለስ ኢስኬፕን አልነካሁም። ንግግሩን በሙሉ አዳመጥኩ። ስትራትሆልም ላይ የተከፋፈለው እህል ተመርዟል፤ የበላው ሰው ይሞትና የጠላት ሙት ወታደር ሆኖ ይነሳል። አርታስ ደርሶ ያያል፤ ሰዎቹ ገና አልተለወጡም። ከተማዋ በሙሉ እንድትጠፋ ያዛል። መምህሩ ኡተር እምቢ ይላል። የሚወዳት ጄይና ትታው ትሄዳለች። ከዚያ ስክሪኑ ለእኔ ይለቀቃል። ቤት ስሰብር የሚወጡት ሰዎች ናቸው፤ ዞምቢ የሚሆኑት ዓይኔ እያየ ነው። ጥግ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ የኔና የጋኔኑ። ሁለታችንም የምንቆጥረው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

«አልፈልግም» የሚል ቁልፍ የለም። ጌሙን ለመቀጠል መቶ መሙላት ግዴታ ነው። አሸነፍኩ፤ አሁን በአንደኛው ሙከራ። ከዚያ ላፕቶፑን ከደንኩና ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ።

አምስተኛ ክፍል የነበረው ልጅና እኔ የሰጠነው ትእዛዝ አንድ ነው። ያንኑ ቤት ስበር፣ ያንኑ ሰው ምታ። ሁለታችንም አሸንፈናል። ግን ያየነው ጦርነት አንድ አይደለም። የሱ ስክሪን ላይ አክተሩ ከተማ አዳነ፤ የኔ ስክሪን ላይ ከተማ አጠፋ። ትእዛዙ ነበረው፤ ዓለሙ ግን አልነበረውም፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ ተቆልፎ፣ ግማሹ ከሲዲው ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

ተበላሽቷል ያልነው ኮፒ ለካ በትክክል ነበር የሚሠራው።

*

ዋርክራፍት 3 ከሲዲው ጋር አንድ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር፦ ወርልድ ኤዲተር። ኩባንያው የራሱን ተልዕኮዎች ከሠራበት ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ ካርታ መሥሪያ ነው፤ ካርታ ብቻ ሳይሆን ሕጉንም መቀየር ይቻላል። ተጫዋቾች ተረከቡት። በ2003 ኡል በሚል ስም የሚታወቅ ተጫዋች «ዲፌንስ ኦቭ ዘ ኤንሸንትስ» የሚል ካርታ ሠራ፤ ለስታርክራፍት ተሠርቶ የነበረ የቆየ ካርታ መነሻ ሆኖታል። ከተማ መገንባት የለም፤ አንድ ሰው አንድ ጀግና ይይዛል፣ አምስት ለአምስት፣ ሦስት መንገድ። ከሱ በኋላ ጊንሱ፣ ቀጥሎም አይስፍሮግ በሚሉ ስሞች የሚታወቁ ሠሪዎች እየተቀባበሉ አሳደጉት። ዶታ ይሄ ነው። «ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ» በ2009፣ «ዶታ 2» በ2013 ከዚያ ካርታ ተወልደው ወጡ። ልጆቹ ከወላጃቸው የበለጠ ገናና ሆኑ።

ዩኒቨርሲቲ እያለን ዶርም ውስጥ የምንጫወተው ያንን የድሮውን ዶታ ነበር። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ላፕቶፖቹን በኬብል ካገናኘን ይበቃል። ጌሙም ካርታውም በፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል። አንድ ጨዋታ ላይ፣ የመመረቂያችን ዓመት ውስጥ፣ ልንሸነፍ ስንል እኔ ገብቼ እንዳዳንኩ ለዓመታት ሳወራ ኖሬያለሁ። አብሮኝ የነበረው ልጅ አሁን ዱባይ ነው የሚሠራው። እሱ ሲሰማኝ ሁሌ «እሺ በለው» ብሎ ያልፋል።

በቅርቡ አሮጌ ፍላሽ ስፈትሽ የዚያን ጨዋታ ሪፕሌይ አገኘሁት። ሪፕሌይ ቪዲዮ አይደለም። የ1994ቱ ዘዴ እዚህም አለ፦ ፋይሉ የያዘው ትእዛዞቹን ብቻ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት ተጫነ። ጌሙ ፋይሉን ሲከፍት ጦርነቱን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ያካሂደዋል። ለዚህ ነው የአንድ ሰዓት ጨዋታ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎባይት የሚያልቀው፤ በስልክ ከተነሳ ፎቶ ያንሳል።

ከፈትኩት። አልከፈትም አለ። የጫንኩት አዲሱን ሥሪት ነው፤ ፋይሉ የተቀዳው በድሮው ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ወታደር ጉልበቱ ትንሽ ከተጨመረ፣ አንድ ሕንፃ ዋጋው ከተቀነሰ፣ ያው ትእዛዝ ሌላ ጦርነት ይወልዳል። ስለዚህ ሪፕሌይ ሦስት ነገር አብሮ መገኘት አለበት፦ ትእዛዙ፣ የያኔው ጌም፣ የያኔው ካርታ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በእጄ ያለው «በዚህ ደቂቃ እዚህ ጋ ተጫነ» የሚል ዝርዝር ብቻ ነው። የተጻፈ ነገር አለ፤ የሆነውን ግን አይነግርም።

እዚህ ላይ ነው የኩባንያው ታሪክ የኔም ታሪክ የሚሆነው። ጃንዋሪ 28፣ 2020 ላይ «ዋርክራፍት 3፦ ሪፎርጅድ» ወጣ፤ ሥዕሉ ታድሶ። ነገር ግን አዲሱ ፕሮግራም የድሮውንም ተካው። አዲሱን ያልገዛ ሰው እንኳ ኦንላይን ለመጫወት ወደዚያው ተዛወረ። ከድሮው የነበሩ እንደ ደረጃ ውድድርና ክላን ያሉ ነገሮች ሲወጣ አልነበሩበትም። ቁጣው ከባድ ስለነበር ገንዘብ የመመለስ አማራጭ ተሰጠ። በስምምነቱ ላይ ደሞ ተጫዋቾች በኤዲተሩ የሚሠሯቸው ካርታዎች የኩባንያው ንብረት እንደሆኑ ተጽፏል፤ ዶታ ከእጅ ካመለጠ በኋላ ምክንያቱን መገመት አይከብድም። በ2024 የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል የታደሰ ሥሪት ወጣ። በወሩ፣ ከ2019 ጀምሮ ጂኦጂ በሚባለው መደብር ይሸጡ የነበሩት የድሮዎቹ ሁለት ክፍሎች ከሽያጭ ወረዱ። ቀድሞ የገዛ ሰው የራሱ ቅጂ ቀረለት።

ማደስን አልቃወምም። እኔም በሥራዬ የድሮ ኮድ አጥፍቼ አዲስ እተካለሁ፤ ሁለቱን አብሮ ማኖር ገንዘብና ጊዜ ይበላል። የኮፒ ሲዲ ቅድስናም ልሰብክ አይደለም። ዛሬ የምኖረው ሰዎች ለሶፍትዌር በሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ያንን ጌም ለሠሩት ሰዎች በልጅነቴ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ሪፎርጅድን የገዛሁት አንዱም ለዚህ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፦ የገዛሁት ያንን ፋይል አልከፈተልኝም። የከፈተልኝ የአክስቴ ልጅ ቤት ቁምሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ የተገኘ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ከዶርም ዘመን የተረፈ ሙሉ ፎልደር፣ ከነካርታው።

ከፈትኩት። ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ተቀምጬ አየሁት። ሠራዊቱ ሲገባብን እኔ የለሁም። ጀግናዬ መደብሩ ጋ ቆሞ ዕቃ እየመረጠ ነው። በሩ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚዋጋው ያ ልጅ ነው፤ ይሞታል፣ እስኪነሳ ይጠብቃል፣ ተመልሶ ይቆማል። ሦስት ጊዜ። እኔ የደረስኩት ጠላት ደክሞ ሲያበቃ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መታሁ፣ እኛም አሸነፍን። የኔ ስክሪን ላይ የሚታየው እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለዓመታት አልዋሸሁም፤ ያየሁትን ነው ያወራሁት።

ማታውኑ ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ያ ጨዋታ፣ ያዳንከን አንተ ነህ» አልኩት። ከሥራ ሲወጣ መለሰ፦ «የቱ ጨዋታ?»

ረስቶታል። እኔ ለዓመታት ስፎክርበት የኖርኩትን እሱ አያስታውሰውም። ሪፕሌዩን ላኩለት። ከደቂቃዎች በኋላ «አይከፍትም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይከፍትም። ፋይሉ ሦስት መቶ ኪሎባይት አይሞላም፤ የሚከፈትበት ዓለም ከአንድ ጊጋ ይበልጣል። ሁሉንም ጫንኩለት። ይሄን ስጽፍ ገና እያወረደ ነው።